ያየነውን ፊልም ለምን አናወራም? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በከሚሴ ሰዎች ከስልክ ወደ ስልክ ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ ፊልም አይቶ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ «አሪፍ ነው»፣ «አይረባም» የሚለው ተራ ተመልካች ነው። ጸሐፊው በዚህ ሰው ክፉኛ ተማረዋል። ምሬታቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ግን ከችግሩ የከፋ ነው።

በቅድሚያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ፊልም የብዙ ሙያዎች ድምር ስለሆነ ሙያውን ያልተማረ ሰው አስተያየት ጫጫታ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ሰው ፊልሙን የሚያየው በስልክና በፍላሽ ከተገለበጠ ቅጂ ስለሆነ «አይቼዋለሁ» ሊል አይገባውም። ሦስተኛ፣ የወሎ ተመልካች በተለይ «አነጋገሩ የኛ አይደለም፣ አገሩ የኛን አይመስልም» እያለ በጥቃቅን ነገር ይጠመዳል፤ ፊልም ካርታ አይደለም። አራተኛ፣ የሀገር ውስጥ ፊልም ገና በእግሩ ያልቆመ ስለሆነ በየቡናው የሚወረወር ክፉ ቃል ይገድለዋል። አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ ወሬ ታሪኩን አስቀድሞ እያወጣ ያላየውን ሰው ደስታ ያበላሻል። መደምደሚያቸው «አይታችሁ ዝም በሉ፤ ሂሱን ለሃያሲ ተዉት» የሚል ነው።

ጽሑፉ በጨዋነት የተጻፈ ነው፤ ከአምስቱ ውስጥም እውነት ያዘሉ አሉ። እነሱን በየቦታቸው እቀበላለሁ።

«ሙያውን ያልተማረ ሰው አስተያየት ጫጫታ ነው»

ተመልካች ስለ ፊልም ሲያወራ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራል፤ ጽሑፉ የተሳሳተው ሁለቱን ስላደባለቃቸው ነው። አንዱ በራሱ ላይ የሆነውን ነው፦ «ከመሃል በኋላ ሰለቸኝ»፣ «ልጅቱ ቤቷን ጥላ የሄደችበት ምክንያት አልገባኝም»፣ «አባትየው ሲያለቅስ እኔም አለቀስኩ»። ሌላው የዚያን ምክንያት ነው፦ «ኤዲቲንጉ ደካማ ነው»፣ «ካሜራማኑ አይችልም»። ለሁለተኛው ሙያ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው ግን ከተሰላቸው ሰው የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ፊልም ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የሆሊውድ ትልልቅ ኩባንያዎች ፊልሙን ለሕዝብ ከመልቀቃቸው በፊት የፊልም ሙያ የሌላቸውን ተመልካቾች ጠርተው ያሳያሉ፤ ሲያልቅም መጠይቅ ያስሞሏቸዋል። የቱ ጋ ሰለቻችሁ? የቱን ገጸ ባሕርይ አልወደዳችሁትም? መጨረሻው ገባችሁ? በመልሱ መነሻነት ትዕይንት ይቆረጣል፤ አንዳንዴም መጨረሻው እንደገና ይቀረጻል። ከተመልካቹ የሚፈልጉት የት ላይ እንደከበደው እንዲነግራቸው ነው፤ ማስተካከያውን የሚያበጁት ራሳቸው ናቸው። የቶሮንቶ ፊልም ፌስቲቫል ዋናው ሽልማት ሳይቀር ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው በተመልካች ድምፅ ነው። ከእኛው ቤት ምሳሌ ካስፈለገ፣ በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተሠራው «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል በዓለም ድራማ ዘርፍ፣ በዚያው ዓመትም በበርሊን ፊልም ፌስቲቫል በፓኖራማ ክፍል ያሸነፈው የተመልካቾችን ሽልማት ነው። ያ የአማርኛ ፊልም በዓለም መድረክ ስሙ ሲጠራ ድምፅ የሰጡት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያዩት ሰዎች ነበሩ። ጸሐፊው ጫጫታ የሚሉት እንዲህ ያለውን ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ የምቀበለው ነገር አለ። ተራው ተመልካች ምክንያት ፍለጋ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይስታል። አንድ ምሳሌ ቀረብ አድርገን እንይ። ሙዚቃው ጆሮ እየበጠሰ ንግግሩ ግን የማይሰማ ፊልም አለ። ተመልካቹ «ድምፅ ያቀናበረው ሰው ሥራውን አያውቅም» ብሎ ይፈርዳል። ፋይሉ ግን የ5.1 ድምፅ ያለው ሊሆን ይችላል፤ አምስት ስፒከርና አንድ የጎርናና ድምፅ ስፒከር ታስቦ የተሠራ ማለት ነው። በዚህ አሠራር ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው በመሃለኛው ስፒከር ላይ ነው። ሁለት ስፒከር ብቻ ያለው ቴሌቪዥን ወይም ማጫወቻ የመሃሉን ድምፅ ለግራና ለቀኝ በትክክል ካላከፋፈለው ሰዎቹ ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገሩ ይመስላሉ፤ ሙዚቃውና ፍንዳታው ግን እንዳለ ይመጣል። የማጫወቻው የድምፅ ምርጫ ውስጥ ገብቶ ወደ ስቴሪዮ መለወጥ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ይህን ሳይሞክሩ ባለሙያውን መውቀስ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ቢሆንም «ንግግሩ አልተሰማኝም» ያለው ሰው እውነቱን ተናግሯል። ትርፍ የሆነው ከዚያ ቀጥሎ የጨመረው ፍርድ ነው።

«በስልክ ያየ ሰው አላየም»

ከአምስቱ ነጥቦች ለእውነት የሚቀርበው ይህ ነው። ግን በጅምላ ስለተባለ ጥቅሙን አጥቷል። በስልክ ሲታይ ከፊልሙ ምኑ ይጠፋል፣ ምኑስ ይቀራል? መልሱ ይታወቃል።

ሰፊው የሲኒማ ምስል ወርዱ የቁመቱ 2.39 እጥፍ ያህል ነው፤ የተለመደው ቴሌቪዥን ደግሞ 1.78 እጥፍ። ፊልሙ ሳይነካ ከቀረበ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይመጣል፤ ይህም ከስክሪኑ ሩቡን ያህል ይወስዳል። ብዙ ሰው ይህን ጥቁር መስመር ይጠላና «ሙሉ ስክሪን» የሚለውን ይጫናል። ያኔ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ምስሉ ጎኑ ከተቆረጠ የወርዱ ሩብ ገደማ ይጠፋል፤ በግራና በቀኝ ጥግ ቁጭ ብለው ከሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ግማሽ ፊት ይዞ ይቀራል። ምስሉ ወደ ላይ ከተለጠጠ ደግሞ የሰው ፊት በአንድ ሦስተኛ ይረዝማል። እንዲህ አይቶ «ካሜራማኑ ሰው ይቆርጣል» ማለት የቁልፉን ጥፋት በሰው ላይ መለጠፍ ነው።

ጨለማ ትዕይንትም እንዲሁ ነው። ፋይሉ እንዲያንስ በጣም ሲታመቅ መጀመሪያ ከሚጎዱት ቦታዎች አንዱ ጨለማው ነው፤ ሌሊቱ ጥቁር የአራት ማዕዘን ጥርቅም ይሆናል። የስልክ ስፒከር ጎርናና ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ነጎድጓድም ከበሮም ኩምሽሽ ይላል። የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ሊያዘገይ ይችላል። ድምፅ ከምስሉ በ45 ሚሊ ሰከንድ ከቀደመ ወይም በ125 ሚሊ ሰከንድ ከዘገየ የሰው ዓይንና ጆሮ ይይዘዋል። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ደግሞ በሰከንድ 24 ምስል ሆኖ በተቀረጸው ፊልም መሃል የራሳቸውን ምስል ፈጥረው ይጨምራሉ፤ ያኔ ፊልሙ ሁሉ በስቱዲዮ የተቀረጸ ተከታታይ ድራማ ይመስላል። ይህን እንቅስቃሴን የማለስለሻ ምርጫ የቴሌቪዥኑ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ይቻላል።

በአማርኛ ድምፅ የተሠሩትን የውጭ ተከታታይ ድራማዎች የሚያይ ሰው አንድ ቀላል መለያ ቢይዝ ይጠቅመዋል። ከንፈሩ ከቃሉ ጋር ባይገጥምና በሩ ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ ግን ከበሩ ጋር ቢገጥም ጉዳዩ የትርጉሙ ባሕርይ ነው። በሩም ካልገጠመ ጥፋቱ የቅጂው ወይም የማዳመጫው ነው።

በአንጻሩ ታሪኩ፣ ንግግሩ፣ የትወናው እውነተኛነት፣ የገጸ ባሕርያቱ ምክንያት በስልክም ቢሆን አይጠፉም። ሲኒማ ቤት በሌለበት ወረዳ የሚኖር ሰው ስለነዚህ ሊናገር ሙሉ መብት አለው። የሚጠበቅበት በምን እንዳየ መግለጽ ብቻ ነው፦ «በስልክ ነው ያየሁት፤ ስለ ምስሉ አልናገርም፤ ታሪኩ ግን ከመሃል በኋላ ይላላል»። ይህን የሚል ሰው፣ በትልቅ አዳራሽ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ካመሸው ሰው የተሻለ አይቷል። የተሰረቀ ቅጂ ሠሪውን እንደሚጎዳ ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ ሲኒማ ቤት በአቅራቢያው እያለ በሌላ ሰው ካሜራ ከአዳራሽ የተቀዳ ቅጂ አይቶ ስለ ምስል ጥራት የሚከራከረውን ሰው አልከላከልለትም።

«ወሎዬው በጥቃቅን ነገር ይጠመዳል»

የጽሑፉ ትልቁ ስህተት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ የሚገባቸውን ልስጣቸው። ደሴ ተብሎ የሚታየው መንገድ አዲስ አበባ ውስጥ ቢቀረጽ ጥፋት አይደለም። የቀረጻ ቡድንን ይዞ መጓዝ፣ ማሳደር፣ መመገብ ገንዘብ ይጠይቃል። የቡናው ሥነ ሥርዓት ከመቁላት እስከ በረካ ሙሉውን ካልታየ ብሎ ማማረርም ተገቢ አይደለም፤ ፊልም ጊዜን ያሳጥራል። በእንዲህ ዓይነቱ ላይ የሚነዘንዝ ሰው አለ፤ አዎ፣ አሰልቺ ነው።

ግን ማሳጠር ሌላ፣ ማፍረስ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ እናስብ፦ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጭነት ይዞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ፍሬኑ እምቢ ይለዋል፤ ሕይወቱ የሚለወጠው በዚያች ሰዓት ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው በመሃል ያለውን ሐረጎ የሚባለውን ስፍራ ያውቃል፤ ጥምዝምዙን፣ ገደሉን፣ በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋውን ቁልቁለት። ደሴ ላይ የለበሰውን ጋቢ ኮምቦልቻ ሲደርስ አውልቆ እንደሚያስቀምጥም ያውቃል። ፊልሙ ይህን ታሪክ ሜዳ ላይ በተዘረጋ ቀጥ ያለ አስፋልት ቢያሳይ የወሎ ተመልካች «ሐረጎ የታለ?» ይላል። ጥያቄው የካርታ ጥያቄ አይደለም። ቁልቁለት ከሌለ ፍሬኑ ለምን ያስፈራል? የታሪኩ ምክንያት ነው የወደቀው፤ ያንን መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ መንገዱን የሚያውቀው ሰው ነው። ሃያሲው ቢማር ቢመራመር ሐረጎን በመኪና ካልወረደ ይህ ያመልጠዋል።

ወደ ሙዚቃው እንምጣ። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው፤ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። አምባሰል ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ድምፅ የሚወጣው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ያ ጠባብ እርምጃ ነው ሆድ የሚያባባው። ባቲ ከመነሻው ሰፋ አድርጎ ይዘላል። ታሪኩን አምባሰል ተራራ ሥር አስቀምጦ ከጀርባው ደስ ያለውን ዋሽንት የሚያስነፋ ፊልም ሲያይ፣ ኖታ ማንበብ የማይችል ገበሬ «ይሄ ዜማ ከዚህ ልቅሶ ጋር አይሄድም» ሊል ይችላል። ስለ ቅኝት ስም አይነግራችሁም ይሆናል፤ ጆሮው ግን ያደገው በሱ ነው።

ከዚህ የባሰ አለ። መንዙማ ነቢዩን ማወደሻና መማጸኛ ነው። ለጋራ ጸሎት ወዳጃ ተቀምጦ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ከበሬታ ባለበት የሚዜም ነገር ነው። አንድ ፊልም «የወሎ ቃና» ፈልጎ መንዙማን ለፍቅር ትዕይንት ማጀቢያ ቢያደርገው አባቶችና እናቶች ቢያዝኑ ምን ይገርማል? ይህን ጥቃቅን ነገር ማለት የሰዎቹን ሐዘን አለማየት ነው። ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ላያደርገው ይችላል፤ አለማወቁን የሚነግረው ሰው ግን ያስፈልገዋል፤ የሚነግረውም ያ ጫጫታ የተባለው ተመልካች ነው።

አነጋገሩም ቢሆን እንዲሁ ነው። ተዋናዩ ወሎዬ ለመምሰል በየዓረፍተ ነገሩ «አብሽር» ይጨምራል። አብሽር የሚባለው ግን የከፋውን ለማጽናናት፣ የሰጋውን ለማደፋፈር ነው፤ ደስ ብሎት የመጣን እንግዳ በር ላይ «አብሽር» ብሎ መቀበል የለም። ገጸ ባሕርዩ ሰው መሆኑ ቀርቶ ማስመሰያ የሆነው እዚያ ላይ ነው።

ወሎ ስለ ካሜራ ብዙ የሚናገርበት ሌላም ምክንያት አለው፤ ጽሑፉ ይህን ጨርሶ አላነሳም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ በተራቡት ሰዎች መሃል የቤተ መንግሥቱ ድግስና ቅንጦት እየተቀላቀለ እንዲታይ ተደርጎ ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ግን ፊልሙን የቆረጠው ሰው እጅ ነው። ከዚያ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከነበረችው ከኮረም ያስተላለፉትን ዓለም ሁሉ አየው። ያ ምስል የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ወሎ በተባለ ቁጥር የተሰነጣጠቀ መሬት በዓይነ ሕሊና የሚመጣበት ልማድም ጥሎ ሄዷል። የሐይቅን ውኃና የቦርከና ወንዝን ዳር አረንጓዴ ያየ ሰው ያን ልማድ በአዲስ ፊልም ላይ ደግሞ ሲያየው «አሁንም?» ቢል ሊደመጥ ይገባዋል። ምስሉ እንዴት እንደተቆረጠ፣ ምን ከምን ጎን እንደተቀመጠ መጠየቅ ለወሎ ሰው የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

«ክፉ ቃል የሀገር ውስጥን ፊልም ይገድለዋል»

ዝምታስ? ሦስት ጊዜ ተታሎ ትኬት የቆረጠ ሰው አራተኛ ጊዜ አይመጣም፤ ለማንም ሳይናገር ቤቱ ይቀራል። እሱን መልሶ የሚያመጣው የሚያምነው ጓደኛው «ይሄኛው ይለያል፣ ሂድና እይ» ሲለው ነው። ያ ጓደኛ የሚታመነው ደግሞ ያልተመቸውንም ሲናገር ስለተሰማ ነው። ሁሉንም «አሪፍ ነው» የሚል ሰው ምስጋናው አንድ ትኬት አያሸጥም።

ፍትሕ ግን ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ሃያ ደቂቃ አይቶ የተወ ሰው «ሃያ ደቂቃ አይቼ ተውኩት» ይበል እንጂ ስለ መጨረሻው አይፍረድ። የተዋናይት የግል ሕይወት የፊልሙ አካል አይደለም። በአነስተኛ በጀት የተሠራን ፊልም ከሆሊውድ ፍንዳታ ጋር ማወዳደርም ግፍ ነው።

ይሁንና የገንዘብ እጥረት የማያስከትላቸው ጉድለቶች አሉ፤ ተመልካችም አብዝቶ የሚያነሳው እነሱን ነው። ዓይናችን እያየ ያለውን ነገር ገጸ ባሕርዩ ደግሞ በቃል ሲተርክልን፤ ጠቡ ሁሉ በስልክ ጥሪ ሲፈታ፤ ሙዚቃው ሰዎቹ ሊናገሩ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ሲነሳ። እነዚህ በስክሪፕት ወረቀት ላይና በኤዲቲንግ ጠረጴዛ ላይ ያለ አንድ ብር ይስተካከላሉ። በባዶ ሳሎን ውስጥ ድምፁ እያስተጋባ የሚቀረጽ ንግግርም ያን ያህል ወጪ አይጠይቅም፦ ማይኩን ከካሜራው ላይ አውርዶ ወደ ተናጋሪው አፍ ማቅረብ፣ ከፍሬሙ ውጭ ባለው ግድግዳ ላይ ሁለት ሦስት ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ መዘርጋት፣ ፍሪጁን መንቀል፣ ጀነሬተሩን ከቤቱ ጀርባ ማራቅ። ከዚያ ሰዎቹ ዝም ባሉበት የክፍሉን ጸጥታ ለአንድ ደቂቃ መቅዳት፤ ንግግሩ ሲቆራረጥ መሃሉን የሚሞላው እሱ ነው። ተመልካቹ ይህን ሁሉ ላያውቅ ይችላል። «ቤት ውስጥ ሲያወሩ ድምፁ ያስተጋባል» ብሎ ከተናገረ ግን ድርሻውን ተወጥቷል፤ ቀጣዩ ፊልም ላይ ብርድ ልብሱን የሚሰቅል ሰው የሚገኘው ይህ ሲነገር ነው።

«ታሪኩን አስቀድመው ያወጡታል»

በዚህ እስማማለሁ፤ ክርክር አያስፈልገውም። ሆኖም ለዚህ መፍትሔው ዝምታ አይደለም። ለሁለት ሰዓት ፊልም ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ያለውን መናገር ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደከለከለው እዚያ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን «መጨረሻው አላረካኝም» ብሎ ማለፍ ይበቃል፤ ለምን እንዳላረካ የሚወራው ፊልሙን ካየ ሰው ጋር ነው። ቡና ላይ ከሆነም አስቀድሞ «ያላየ አለ?» ብሎ መጠየቅ፣ አንድ ሰው እንኳ «እኔ» ካለ ወሬውን ለሌላ ቀን ማቆየት።